ዶት ኢቲ፣ ዶት ኮም ወይስ ዶት ዲኢ? መጀመሪያ ካርታው በማን ስም ይሁን

አንዲት እህት የላከችው ጥያቄ በአጭሩ ይህን ይላል፦

«እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ የባልትና ሥራ አላት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ እያሸገች ትሸጣለች። ንግድ ፈቃዱ በእሷ ስም ነው። እስካሁን በቴሌግራምና በስልክ ነበር የምንሠራው፤ አሁን ድረገጽ ልናሠራ ነው። የሚሠራልን ልጅ ዶት ኮሙን በራሱ አካውንት ገዝቶ ሊሰጠን ነው። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ ‹ዶት ዲኢ ያዙ፣ እዚህ ያለው ሐበሻ ያምነዋል› ይላል። እኔ ግን ልቤ ዶት ኢቲ ላይ ነው። የትኛውን እንያዝ? ዶት ኢቲ እንዴት ነው የሚወጣው? አንዴ ከገዛነው የኛ ሆኖ ይቀራል? በአማርኛ ፊደልስ መጻፍ አይቻልም?»

ሰላም እህቴ። በሦስተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

የእናንተ ሆኖ አይቀርም። «ዶሜይን (የድረገጹን አድራሻ ስም) ገዛሁ» እንላለን፣ ነገር ግን ዶሜይን የሚሰጠው በኪራይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ነው። ዶት ኮምን በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት መክፈል ይቻላል። «የዕድሜ ልክ ዶሜይን አለኝ» የሚልሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊበት።

ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። የሊዝ መሬት በይው። የያዝሽው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ግዴታሽን ካቋረጥሽ ይነጠቃል። ደግሞ ቤት ልትገዢ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው የግድግዳውን ቀለም አይደለም። «ካርታው በማን ስም ነው?» ነው የምትዪው። ድረገጽ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙ ሲጨቃጨቅ ይውላል፣ ካርታውን የሚጠይቅ የለም።

ድረገጹን የሚሠራው ልጅ ክፉ አስቧል እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ እንዲህ የሚያደርጉት ነገሩን ለማቅለል ነው። አካውንት አላቸው፣ የሚከፍሉበት ካርድ አላቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ጣጣው የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አንድ የማውቀው የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ስሙን ልተወው። ባለቤቱ ደውለው «ምነው ሰው ሁሉ ዝም አለኝ?» አሉኝ። ጥር ገብቷል፣ ጥምቀት ደርሷል። በዚያ ሰሞን ኢሜይላቸው ክፍል በሚጠይቅ ሰው ይጨናነቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከገና ማግስት ጀምሮ አንድ መልእክት አልገባም። ድረገጹን ከፈትኩት። የማረፊያው ፎቶ የለም። ነጭ ገጽ ላይ የጫማ፣ የብድርና የሌሎች ሆቴሎች ማስታወቂያ ተደርድሯል። ዶሜይኑ ጊዜው አልፎበታል። ኢሜይላቸው የቆመው በዚያው ዶሜይን ላይ ስለነበር አብሮ ሞቷል። የመዘገበላቸው ልጅ ከአገር ከወጣ ቆይቷል። «አድሱ» የሚለው ማስታወሻ በተደጋጋሚ ተልኳል፤ የተላከው ግን ልጁ ወደተወው አሮጌ ኢሜይሉ ነው።

ልጁን በአክስቱ በኩል አገኘነው። ከልቡ ነበር የደነገጠው። ዕድላቸው ሆኖ ስሙ ዶት ኮም ነበር። የዶት ኮም አሟሟት ደረጃ አለው። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደ ሻጩ ደንብ እስከ 45 ቀን ድረስ በተለመደው ዋጋ ማደስ ይቻል ይሆናል። ከዚያ 30 የመዋጃ ቀናት አሉ፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ይለቀቃል፤ የቀደመ ይወስደዋል። እኛ የደረስነው በመዋጃው ጊዜ ነበር። ስሙ ተመለሰ፣ የጥምቀት እንግዳ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከየትኛው ዶሜይን ጋር አይገናኝም። የትኛውንም ውሰዱ፣ በመዝገቡ ላይ ባለይዞታ ተብሎ የሚጻፈው የእናትሽ ስም ይሁን፤ ልክ ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው። የተመዘገበው ኢሜይል አንቺ ወይም እናትሽ በየቀኑ የምትከፍቱት ይሁን። በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል ግን አታድርጊው፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው። ተራ የጂሜይል አድራሻ ይበቃል። ዶት ኮም ስትመዘግቢ «አድራሻሽን አረጋግጪ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። በ15 ቀን ውስጥ ማረጋገጫው ካልተጫነ ስሙ ይታገዳል። ስንቱ ማስታወቂያ መስሎት ሲሰርዘው አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሁለቱ ፊደላት እንምጣ።

በዶሜይን ዓለም መጨረሻው ላይ ሁለት የላቲን ፊደል ካየሽ የሆነ አገር ወይም ግዛት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አይደለም። ፊደላቱ የተወሰዱት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ከሚያወጣው የአገሮች ኮድ ዝርዝር ነው። ይህን ሥርዓት ከዘረጉት አንዱ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፈው ሰነድ ላይ ማን አገር እንደሆነና ማን እንዳልሆነ መወሰን የእኛ ሥራ አይደለም ብሏል። ዝርዝሩን የሚያወጣ ሌላ አካል አለ፣ እኛ እሱን እንከተላለን፣ አለቀ። ብልህ ሰው ነበር። እዚያ ክርክር ውስጥ ቢገባ እስከ ዛሬ አይወጣም ነበር።

ዶት ኢቲ ለኢትዮጵያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት አዲስ አበባ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። ከመንገዱ ሰሌዳው ቀደመ ማለት ነው። ዛሬ መዝገቡን የሚይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ሰሌዳ ካልኩ አይቀር፣ የዶሜይንን መጨረሻ እንደ መኪና ሰሌዳ እዪው። መኪናው የትም ሊነዳ ይችላል፣ ሰሌዳው ግን የማን ደንብ እንደሚገዛው ይናገራል። የአገር ዶሜይን ስትይዢ የዚያን አገር ደንብ አብረሽ ትይዣለሽ። ይህን የረሱ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪቢ ዶት ኤልዋይ የሚባል ረጅም አድራሻ የሚያሳጥር አገልግሎት ነበር። ባለቤቶቹ የወሰዱት ፊደሉ ስላማራቸው ነው። ኤልዋይ ግን የሊቢያ ነው። የሊቢያ መዝጋቢ ይዘቱ ከአገሪቱ ሕግ ጋር አይሄድም ብሎ ስሙን ነጠቃቸው። የአውሮፓ ኅብረቱ ዶት ኢዩም ትምህርት አለው። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ እዚያ አድራሻ ያላቸው ባለይዞታዎች መብታቸውን አጡ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2021 ከ80 ሺህ በላይ ስሞች በአንድ ቀን ታገዱ። ባለቤቶቹ ምንም ያጠፉት ነገር አልነበረም። የተቀየረው አገራቸው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ በኮምፒውተር ዓለም የአማርኛ ቋንቋ ምልክት ኤኤም ነው። «ታዲያ ዶት ኤኤም ለአማርኛ ገጽ አይመችም?» ያለኝ ሰው አለ። ዶት ኤኤም የአርሜኒያ ነው። ዶት ቲቪም የቴሌቪዥን አይደለም፣ ቱቫሉ የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ናት። ዶት ኤአይ ደግሞ አንጉዊላ የምትባል የካሪቢያን ደሴት ስትሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲገን ሳታስበው ሲሳይ ወረደላት። ሠሪያችሁ «ዶት አይኦ ዘመናዊ ነው» ካላችሁም የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ኮድ ነው፤ ብሪታንያ ግዛቱን ለሞሪሽየስ ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2024 ስትስማማ «ታዲያ ኮዱ ምን ሊሆን ነው?» የሚል ጭንቀት ተነስቷል። ለበርበሬ ሻጭ ይህ ሁሉ ራስ ምታት ምን ያደርጋል?

ልብሽ ያረፈበትን ዶት ኢቲን እንየው።

ሁለት ዓይነት አድራሻ ታያለሽ። አንዱ በዘርፍ የተከፈለ ነው። ንግድ ከሆነ ኮም ዶት ኢቲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ትምህርት ቤት ኢዲዩ ዶት ኢቲ፣ በጎ አድራጎትና ማኅበር ኦርግ ዶት ኢቲ። ሌሎችም አሉ። ሁለተኛው ያለ ዘርፍ በቀጥታ ዶት ኢቲ የሚለው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የራሱ ድረገጽ፣ የንግድ ባንክ፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እንዲህ ነው የሚጻፉት። አጭሩን ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ካጣችሁት በኮም ዶት ኢቲ አትከፉ።

አወጣጡ ከዶት ኮም ይለያል። ዶት ኮምን ሌሊት በፒጃማ ሆነሽ በስልክ ታወጪዋለሽ፤ ማን እንደሆንሽ የሚጠይቅ የለም። ዶት ኢቲ ላይ ማንነትሽ ይጠየቃል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መታወቂያ አዘጋጂ። ፈቃዱ የዘንድሮ እድሳት ያለበት ይሁን። የምትጠይቂው ስም ፈቃዱ ላይ ካለው የንግድ ስም ጋር የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ፈቃዱ የእናትሽ ስለሆነ አብረሻቸው ሂጂ፤ ካልተመቻቸው ውክልና ይዘሽ ሂጂ። መስኮት ላይ ደርሶ «ባለቤቷ ራሳቸው ይምጡ» መባልን የመሰለ ቀን የሚያቃጥል ነገር የለም። የዕለቱን ዋጋና ማሟያ እዚያው ጠይቂ፤ ከኔ ጽሑፍ ላይ አንብበሽ አትሂጂ፤ ታሪፍ ይቀየራል።

ሰው ይህን ወረቀት ሲያይ ያማርራል። እኔ ግን ለእናንተ ዓይነቱ ሥራ ወድጄዋለሁ። ካርታው በማን ስም ይሁን የሚለውን ጥያቄ ገና በር ላይ ስለሚያስመልስሽ ነው። ሠሪው ልጅ የእናትሽን ንግድ ፈቃድ ይዞ በራሱ ስም ማውጣት ይቸግረዋል። ዶት ኮም ላይ ማንም አይከለክለውም።

ሁለተኛው ጥቅም ብር ነው። ዶት ኢቲ በብር ይከፈላል። ዶት ኮም የሚከፈለው በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ወይ ዘመድ ይለምናል፣ ወይ ለደላላ ይከፍላል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዶላር ያው ዋጋ የነበረ ስም በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያን ዓመት «ትንሽ ልጠብቅ» ብለው ሳያድሱ የቀሩ ነበሩ።

ሦስተኛው ፍለጋ ላይ ነው። ጎግል የአገር ዶሜይንን «ይህ ገጽ የሚመለከተው የዚህን አገር ሰው ነው» ብሎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው «ምጥን ሽሮ» ብሎ ሲፈልግ ዶት ኢቲ መሆን ትንሽ ያግዛል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ገጹ ላይ ዋጋ፣ ስልክና ሰፈር ካልተጻፈ የትኛውም ዶሜይን አያድንም።

ጉድለቱን ልደብቅሽ አልፈልግም። ዶት ኮም ላይ መዝገቡን የሚይዘው ቬሪሳይን ሲሆን የሚሸጡት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች ናቸው። አንዱ ካስከፋሽ ስምሽን ይዘሽ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። የዶት ኢቲ አማራጭ እንደዚያ ሰፊ አይደለም። ደግሞም የዶት ኮም የ45፣ የ30 እና የ5 ቀን ሥርዓት የአገር ዶሜይኖችን አያስገድድም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ ዶት ኢቲ ላይ «ካለፈበት በኋላ አስመልሰዋለሁ» ብለሽ አትተኚ። ቀኑ ሳይደርስ አድሺ። እኔ ለደንበኞቼ የማስደርገው ነገር አለ። ንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው አይደል? ፈቃዱን ባሳደሳችሁበት ሳምንት ዶሜይኑንም አድሱ። አንድ ሩጫ ነው። የዶሜይኑ ማብቂያ ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በኢትዮጵያ ቀን ገልብጠሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ታዲያ ዶት ኮሙን እንተወው? አትተዉት። ያዙትና ዝም በሉት። ዋናው ድረገጽ ዶት ኢቲ ላይ ይቁም፤ ዶት ኮሙን የጻፈ ሰው ወደዚያው እንዲዞር አድርጉት። ምክንያቴ ቀላል ነው። ሰው ስምን በጆሮው ሰምቶ ሲጽፍ ጣቱ በልማድ ዶት ኮም ይላል። ያንን ስም ሌላ በርበሬ ሻጭ ቢወስደው ደንበኛችሁ ሳያውቅ እሱ ሱቅ ይገባል። ቬሪሳይን ለሻጮች የሚሰጥበት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ሆኖ ነበር። ሻጩ የራሱን ይጨምራል። «የመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር» ሲልሽ ግን የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ እይ፤ ማጥመጃው እዚያ ነው።

ዶት ኮሙን ወንድምሽ ይክፈል፤ ካርድ አለው። ግን ልብ በይ፣ የሚከፍል ሰውና ባለይዞታ ይለያያሉ። በእሱ ካርድ ተከፍሎ በእናቱ ስም ይመዘገብ። የወንድምና የእህት ነገር ዛሬ ሰላም ነው፣ ይሁን፤ ካርታ ግን ካርታ ነው።

ዶት ዲኢን በተመለከተ ከወንድምሽ ጋር አልስማማም፣ ቢያንስ ለጊዜው። የዶት ዲኢ መዝገብ ያዥ ዴኒክ ይባላል፤ መቀመጫውም እሱ ያለበት ፍራንክፈርት ነው። ስሙን ማውጣት ቀላል ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ግን ዶት ዲኢ ለብሰሽ ለጀርመን ገዢ መሸጥ ስትጀምሪ የጀርመን ሕግ ይከተልሻል። እዚያ የንግድ ድረገጽ ያለው ሰው «ኢምፕረሱም» የሚባል ገጽ ማስቀመጥ አለበት። ሙሉ ስም፣ መልእክት የሚደርስበት እውነተኛ አድራሻና ፈጣን መገናኛ ይጻፍበታል። አለማስቀመጥ የጠበቃ ደብዳቤ ያስመጣል። ደግሞ ለበርበሬ ዶሜይኑ ትንሹ ጣጣ ነው፤ አውሮፓ በቅመማ ቅመም ላይ የአፍላቶክሲን (ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ) ወሰን አለው። ወንድምሽ እዚያ በስሙ ንግድ ከፍቶ ዕቃውን ራሱ አስገብቶ ሲሸጥ ዶት ዲኢውን ራሱ፣ በራሱ ስም ያውጣ። ያኔ ካርታው የእሱ መሆኑ ተገቢ ነው። «ሐበሻው ያምነዋል» ያለውን ግን አልገዛም። ጀርመን ያለ ሐበሻ የእናቱን አገር በርበሬ ሲፈልግ ዶት ኢቲ ቢያይ የሚሸሽ ይመስልሻል?

ይህን የሚያነብ አሜሪካ ያለ ሰው ካለ በአጭሩ፦ ዶት ዩኤስ የአሜሪካ ነዋሪነት ወይም ሌላ ተጨባጭ ግንኙነት ይጠይቃል፤ የባለይዞታን ስምና አድራሻ መደበቅም አይፈቅድም። በቤት አድራሻህ ሱቅ የምትከፍት ከሆነ አስብበት።

ፊደሉን በተመለከተ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ይቻላል፣ ግን ቀስ በይ። ኢንተርኔቱ ከታች የሚያውቀው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ያለበት ዶሜይን ውስጥ ውስጡን ወደ ላቲን ይቀየራል። ኤክስና ኤን፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ማንም የማያነበው የፊደልና የቁጥር ዝርግፍ ይሆናል። በዶት ኮም ስር በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይቻላል። ነጥቡን ተከትሎ የሚመጣውን መጨረሻ ራሱን በግዕዝ ለመጻፍ ግን ደንቡ ተዘጋጅቷል፣ «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚያልቅ አድራሻ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም።

ደንቡ ሲዘጋጅ የገጠመውን ነገር ብታውቂ ትስቂያለሽ። ሞክሼ ፊደላት! «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰጂ። ጸ ሁለት ዓይነት፣ ሀ ሦስት ዓይነት፤ ስድስት አጻጻፍ ሆነ። ራብዑን «ሃ» የሚጽፈውን ሰው ከቆጠርሽ ይበዛል። ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያየ ስም ነው። አንዱን አንቺ ብትይዢ ሌላውን አጭበርባሪ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ2017 ነጥቡን ተከትሎ ለሚመጣው መጨረሻ በወጣው ደንብ ውስጥ ሲካተት ሞክሼዎቹ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ተደረገ፤ አንዱ ከተያዘ ሌላው ለማንም አይሰጥም። የፊደል ክርክራችን ጎራ ሳይለይ እዚያ ድረስ ሄዶ ነበር።

ለእናትሽ ሱቅ የግዕዙን ስም ጌጥ አድርጊው፣ ዋና በር አታድርጊው። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው ወደዚያ ዝርግፍ ሊቀየርብሽ ይችላል። በግዕዝ የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ደግሞ ብዙ ቦታ «የተሳሳተ አድራሻ» ይባላል።

በላቲን ስትጽፊውም ቢሆን ፈተና አለው። «ቅመም» የሚለውን ቃል አምስት ሰው ጻፉ ብትዪ አንዱ በኬ ይጀምራል፣ ሌላው በኪው፤ አንዱ መሐል ላይ አይ ያስገባል፣ ሌላው ኢ። የኔ መፈተኛ ስልክ ነው። ለአክስትሽ ደውዪ፣ ስሙን አንዴ ብቻ ንገሪያትና ጽፋ በቴሌግራም ትላክልሽ። ከሦስት ዘመድ ሁለቱ ከተሳሳቱ ስሙን ቀይሪ፤ ካልሆነም በብዛት የተሳሳቱበትን አጻጻፍ በዶት ኮም አብረሽ ያዢው። ሰረዝ ያለበትን ስም ተዪው፤ በስልክ «ሰረዝ» ስትዪ ሰው «ሰረዝ» ብሎ ይጽፈዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከተመዘገበ በኋላ ያለው ሥራ የሠሪው ልጅ ነው፣ ግን ምን እንደሚሠራ እወቂ። ዶሜይኑና ድረገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶት ኢቲ ስላወጣሽ ሰርቨሩ የግድ ኢትዮጵያ ውስጥ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ፍራንክፈርት ያለ ደንበኛ አድራሻችሁን ሲጽፍ የሚሆነው እንዲህ ነው። ስልኩ አድራሻ ፈላጊውን ይጠይቃል። ፈላጊው «ሥር» ከሚባለው ከሁሉም በላይ ካለው ዋና መዝገብ ይጀምራል፣ «ዶት ኢቲን የሚያውቅ ማን ነው?» ይላል። ወደ ዶት ኢቲ መዝገብ ይላካል። መዝገቡ «የዚህን ስም ነገር እነዚህን ጠይቅ» ብሎ ኔም ሰርቨር የሚባሉ ሁለት ስሞችን ይሰጠዋል። እነሱ ናቸው በመጨረሻ የሰርቨሩን ቁጥር የሚነግሩት። ይህ ሁሉ ዓይን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ያልቃል። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ የምታስመዘግቢው ዋና ነገር እነዚያን የኔም ሰርቨር ስሞች ነው። ሠሪው በጽሑፍ ይስጥሽ፤ በቃል ከሆነ አንድ ፊደል ይስታል። ተቀይሮ ወዲያው ካልታየሽ አትደንግጪ። አሮጌው መልስ በየቦታው ለሰዓታት ተይዞ ይቆያል፤ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። በዚያ መሐል ደጋግመሽ አታስቀይሪ።

ልጁ ዶት ኮሙን ቀድሞ ገዝቶት ከሆነም አትጣዪው። እዚያው ሻጭ ዘንድ በእናትሽ ስም አካውንት ክፈቺና ወደዚያ ያዛውረው፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወደ ሌላ ሻጭ ለማዛወር ግን ከተመዘገበ 60 ቀን መሙላት አለበት። ቁልፉን ከፍቶ የማዛወሪያ ኮዱን ይልክልሻል።

ዛሬ ማታ ለልጁ የምትልኪለትን ልጻፍልሽ፦ «ወንድሜ፣ ዶሜይኑን እኛ በእናቴ ስም እናወጣለን። አንተ ሁለቱን የኔም ሰርቨር ስም ላክልኝ። ሰርቨሩና ድረገጹ በአንተ በኩል ይሁን፤ የእነሱን ይለፍ ቃል ግልባጭ ሥራው ሲያልቅ ትሰጠናለህ።» ደህና ባለሙያ ከሆነ ቅር አይለውም፤ ዓመት እየቆጠረ ስለ እድሳት የሚያሳስብ ሸክም ነው የምታነሺለት። ለወንድምሽ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል ጽፈሽ ላኪለትና ዶት ኮሙን ዛሬውኑ ያስይዝ። የኢትዮ ቴሌኮሙ ወረቀት ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ ስሙ ሜዳ ላይ እንዳይቆይ።